ማታ ማታ የሚወልቀው ጫማ

አንድ ሰው ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ የውኃ መስመር ሲፈነዳ፣ ቆጣሪ ሲበላሽ የሚጠራው እሱ ነበር። ከሱሪው ጉልበት ላይ ጭቃ የማይጠፋ፣ ዝምተኛ፣ ሰው የማያስቀይም ሰው። ክፉ ሰው እንዳትጠብቁ። ስለ ክፉ ሰው ብነግራችሁማ ሁላችሁም ጎረቤታችሁን እያሰባችሁ ትሰሙኝ ነበር።

ስሙን አልነግራችሁም። የሌሎቹንም ስም ቀይሬዋለሁ። ታሪኩን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። ቀድሞ አገለግልበት በነበረው ደብር ግቢ የተሰበረ ቧንቧ ሊጠግን መጥቶ ነበር፤ ሥራውን ጨርሶ እጁን እየታጠበ ጀመረልኝ። ንስሐ አይደለም። ንስሐውን ለነፍስ አባቱ ተናግሯል። ለእኔ የነገረኝ ለእናንተ እንድነግርለት ነው። «አባ፣ ስሜን ይተዉትና ነገሩን ይንገሩልኝ» አለኝ። «ምናልባት አንድ ሰው ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ይናገር ይሆናል።»

ስለዚህ ልንገራችሁ።

ይህ ሰው ሚስት አለችው። ይመኙሻል እንበላት። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ የሌሊት ፈረቃ። ጠዋት ለልጆቻችሁ ትኩስ ዳቦ ስትገዙ፣ ያንን ዳቦ ሌሊቱን ቆማ የጋገረች ሴት አለች። ይመኙሻል ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ነበረች።

ሴት ልጅ ወለዱ። ትርሲት አሏት። ስትወለድ ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ ዞሮ ነበር። ተረከዟ ወደ ላይ ተሰብስቧል፤ ውስጥ እግሯ የግራ እግሯን ያያል። ቆልማማ እግር ይሉታል። አይታችሁ ታውቃላችሁ። ከመካከላችሁ ወልዳችሁ ያያችሁም ትኖራላችሁ።

የሰውየው እናት ሕፃኗን አዩና ፊታቸውን አዞሩ። «ምን አድርጋ ነው?» አሉ።

ምን አድርጋ ነው። እስቲ ልብ በሉ። ልጅቱ ገና ስም ሳይወጣላት ጥፋቱ ለእናቷ ወጣ።

ይመኙሻል ግን ቁጭ ብላ አላለቀሰችም። በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ወገቧ ገና ሳይጠና፣ ልጇን አቅፋ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጣች። ደሴ ሆስፒታል ውስጥ የልጆችን እግር የሚያክም አንድ ባለሙያ አለ አሏት። እንድሪስ ይባላል እንበል። ዶክተር አይደለም፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው ዶክተር ነበር የምትለው። እንድሪስ የሕፃኗን እግር በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ወዲህ ወዲያ አደረገና «ይስተካከላል» አላት። «በጊዜ ነው ያመጣሻት።»

በየሳምንቱ ወጣች። እግሯን በትንሽ በትንሹ እየመለሱ በጄሶ ያስሩታል። ሳምንት ቆይቶ ይፈታል፤ ጥቂት ይመልሱና እንደገና ያስሩታል። ስድስት ጄሶ። በመጨረሻ ከተረከዟ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ለቀቁት፤ ሦስት ሳምንት ደግሞ በጄሶ ቆየ። ያ ጄሶ ሲወልቅ እግሩ ቀጥ ብሎ ነበር። ይመኙሻል የልጇን ውስጥ እግር ጉንጯ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች ይላል ባሏ። እንድሪስም አላቻኮላት።

ከዚያ ጫማውን አመጣ።

ጫማው እንዲህ ነው። ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ናቸው፤ መካከላቸው በብረት ተያይዟል። ልጁ ሲያደርገው ሁለቱ እግሮች ተራርቀው፣ ወደ ውጭ ዞረው ይቀመጣሉ። እንድሪስ ያን ቀን አባትየውንም አስጠርቶ ነበር። ሁለቱን ፊቱ አቁሞ ነገራቸው።

«እግሩን እኛ አቅንተነዋል። ቀንቶ የሚያቆየው ግን ይሄ ጫማ ነው። መጀመሪያ ሦስት ወር ቀንም ሌሊትም ታደርጋለች። ከዚያ በኋላ ስትተኛ ብቻ፣ አራት ዓመት እስኪሞላት። ታለቅሳለች። ሁሉም ያለቅሳሉ። የምታለቅሰው አሟት አይደለም፤ እግሯን ለየብቻ ማንቀሳቀስ ስላልቻለች ነው። ካላወለቃችሁላት በጥቂት ቀን ትለምደዋለች። ስታለቅስ ካወለቃችሁላት ግን ማልቀስ እንደሚያስወልቅ ትማራለች። እግሩም ወደነበረበት ይመለሳል። ገባችሁ?»

ይመኙሻል «ገብቶኛል» አለች።

«አባቷስ?»

«ገብቶኛል» አለ።

ሦስቱን ወር ይመኙሻል ቤት ነበረች። ልጅቱ አለቀሰች፤ እናትየው አልፈታችም። አቅፋ አዘዋወረቻት፣ ከነብረቱ አጠባቻት፣ ከነብረቱ ጀርባዋ ላይ አዘለቻት። ልጅቱም ለመደችው። ስድስት ወር ሲሞላት ግን ዳቦ ቤቱ ይመኙሻልን ጠራ፤ ወደ ሌሊት ፈረቃዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ሥርዓት ይሄ ሆነ። ማታ አንድ ሰዓት ሲቀርብ ይመኙሻል ልጇን ታጥባለች፣ ታጠባለች፣ ጫማውን ታደርግላታለች፣ ማሰሪያውን ታጠብቃለች፣ ግንባሯን ትስማለች። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ትወጣለች። ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትመለሳለች። በመካከል ያለው ጊዜ የአባትየው ነው።

በመጀመሪያው ማታ በሩ ሲዘጋ ትርሲት አለቀሰች። ለእናቷ ይሁን ለጫማው ማን ያውቃል? አባትየው አነሳት፤ አለቀሰች። አስተኛት፤ አለቀሰች። ፊቷ ቀላ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ቦይ ሲቆፍር የዋለ ነው። ይህቺ ደግሞ አንዲት ልጁ ናት። እጁ ወደ ማሰሪያው ሄደ። ፈታው።

ወዲያው ዝም አለች። እግሮቿን አወራጨች፣ ሳቀች፣ ደረቱ ላይ ተኝታ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

«አባ፣ እንደዚያ ማታ ደስ ብሎኝ አያውቅም» አለኝ። «ደረቴ ላይ ስትተነፍስ የዓለም ደግ ሰው እኔ የሆንኩ መሰለኝ።»

ሊነጋ ሲል ነቃ። ሚስቱ የምትመጣበት ሰዓት ደርሷል። ልጅቱ እንቅልፍ ላይ ናት። ቀስ ብሎ ጫማውን መልሶ አደረገላት። ይመኙሻል ፀጉሯ ላይ ዱቄት ይዛ ገባች፤ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ አየች። ጫማው አለ።

«አለቀሰች?» አለችው።

«ትንሽ።»

«አይዞህ፤ ትለምዳለች» አለች። አያችሁ? እሷ ናት እሱን ያጽናናችው።

ለዛሬ ብቻ ብሎ ነበር። ሁላችንም ለዛሬ ብቻ ብለን ነው የምንጀምረው። በማግስቱም አለቀሰች፤ በማግስቱም ፈታው። በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ገና ሳታለቅስ ፈታው። ከዚያ በኋላ እናትየው አድርጋ ትወጣለች፣ አባትየው ያወልቃል፤ ሊነጋ ሲል ይመልሳል፣ እናትየው ገብታ ታያለች። ወራት እንዲህ ሄዱ። ዓመት አለፈ።

ልጅ ሞኝ አይደለችም። ትርሲት ቤቱን አወቀችው። የሚያስረኝ ማነው? እናቴ። የሚፈታኝስ? አባቴ። ማታ ይመኙሻል ጫማውን ስታነሳ ልጅቱ ወደ አባቷ መሸሽ ጀመረች። እጇን ወደ እሱ ትዘረጋለች፣ በእናቷ ላይ ትጮኻለች፣ አንድ ቀን እጇን ነከሰቻት። ይመኙሻል ያን ዕለት የተነከሰ እጇን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔን ጠላችኝ እኮ» አለች።

«ልጅ ናት። ምን ታውቃለች» አላት።

ከዚህ የበለጠ ምን ይላል? እውነቱን? እውነቱን ቢናገር ልጅቱ ወደ እሱ መሮጧ የሚቀርበት መሰለው። ወገኖቼ፣ ከሥራ ደክሞት ሲገባ ወደ እሱ የሚሮጥ ልጅ ማጣት ቀላል አይደለም። እኔ አልፈርድበትም። ግን ዋጋውን ማን ይከፍል እንደነበር ተመልከቱ።

ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ይመኙሻል ልጇን እያጠበች እጇ ቆመ። እግሩን አየችው፣ ከግራው ጋር አስተያየችው።

«እየዞረ ነው» አለች።

«ምን ይዞራል፤ እንደነበረው ነው» አላት።

«ተረከዟ መሬት አይነካም። እየው።»

እሱ ከእሷ በፊት አይቶት ነበር። ከወር በፊት። እንዳላየ ሆኖ ነበር።

ሁለቱም ደሴ ወጡ። እንድሪስ እግሩን ያዘው፣ ገፋ አደረገው፤ አልሄደም። ከዚያ ጫማውን ተቀበለና ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ። አንድ ልጅ በየቀኑ የምትተኛበት ጫማ ውስጡ ላይ የተረከዟ፣ የጣቶቿ ምልክት ይቀራል። እግሯ ሲያድግ ተቀይሮ ከአምስት ወር በፊት የተሰጣት ጫማ ውስጡ አዲስ ነበር።

«የትርሲት እናት» አላት፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ይሄ ጫማ አልተደረገም።»

«በየቀኑ ታደርጋለች፣ ዶክተር። በእጄ ነው የማስርላት።»

«እናቶች ልጅ ሲያለቅስባቸው ያወልቃሉ። አልፈርድብሽም። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።»

«እመብርሃንን፣ አንድ ቀን አላወለቅሁም።»

እንድሪስ ጫማውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እንዳላመናት ፊቱ ይናገራል። ያን ጊዜ ይመኙሻል ወደ ባሏ ዞረች። ምስክር ፈልጋ ዞረች። ያላት ምስክር እሱ ብቻ ነበር።

«አንተ ንገረው እስቲ። አላደርግላትም?»

ሰውየው አጠገቧ ቆሟል። ልጅቱ እሱ ክንድ ላይ ናት፤ አንገቱን አቅፋዋለች።

«ታደርግላታለች» አለ።

እስቲ ይህቺን ቃል መዝኗት። ታደርግላታለች። ውሸት አለባት? አንዲት ፊደል ውሸት የለባትም። ታደርግላታለች፤ እውነት ነው። በየማታው ታደርግላታለች። ፍርድ ቤት ብትወስዱት በሐሰት መስክሯል ብላችሁ አታስቀጡትም። ግን በዚያች ቃል አንዲትን ሴት ቀበራት። ሰው ለመጉዳት መዋሸት ያስፈልጋል ብላችሁ ታስባላችሁ? አያስፈልግም። እውነቱን ቆርጦ ግማሹን መስጠት ይበቃል።

እንድሪስ ካርዱ ላይ ጻፈ። ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ይመኙሻል ካርዱን አውጥታ አነበበችው። «እናት ጫማውን በአግባቡ አታደርግላትም» ይላል። አጠፈችው። ዳገቱን እየወረዱ ሳለ ነው የተናገረችው።

«ምን ብሎ እንደጻፈ አየህ?»

«አየሁ።»

«ምናልባት ማሰሪያውን እያላላሁት ይሆናል» አለች። «ሌሊት እየሾለከ ይሆናል።»

እሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር።

እንደገና ጄሶ። አምስት ሳምንት ሙሉ በየሳምንቱ ወጥታ ወረደች። ትርሲት አሁን ሁለት ዓመቷ ነው፤ ትናገራለች፣ ጄሶውን በእጇ ትደበድባለች፣ ሲፈቱት ትጮኻለች፣ ሲያስሩት ትጮኻለች። ይመኙሻል የቀን ፈረቃ ይሰጠኝ ብላ ጠየቀች፤ ቦታ የለም አሏት። «ሥራውን ልተወውና ልጄን ሌሊት ራሴ ልጠብቃት» አለችው ባሏን። ምን ብሎ መለሰላት?

«እኔ አለሁ አይደል?» አላት።

አዲስ ጫማ ተሰጣቸው። ይህን ጊዜ ሰውየው ለራሱ ማለ። አልፈታም አለ። ሦስት ቀን ቻለ። ልጅቱ ግን አሁን አፍ አላት። «አባዬ ፍታኝ» ትላለች። «አባዬ ፍታኝ፣ አባዬ ፍታኝ» እያለች አንገቱን ትይዛለች። ድሮ ይፈታት የነበረ አባት ዛሬ የማይፈታበትን ምክንያት እንዴት ታውቀው?

ይመኙሻል ደግሞ ይላላ ይሆናል ብላ ስለምትሰጋ ማሰሪያውን አንድ ቀዳዳ ጨምራ ታጠብቀው ነበር። በአራተኛው ማታ ሰውየው ፈትቶ ቢያይ፣ የልጅቱ ተረከዝ ተልጦ ቆስሏል።

«ቁስሉን ሳይ እፎይ አልኩ» አለኝ። «አባ፣ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ልጄ ቆስላ እኔ እፎይ አልኩ። ምክንያት አገኘሁ።»

ቁስሉ እስኪድን ጫማው ቀረ። ከዳነም በኋላ ማታ ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። እንዲያ ሆኖ ሁለት ዓመት ሄደ። እንድሪስ በየቀጠሮው ይቆጣል፤ ይመኙሻል በየቀጠሮው አንገቷን ትደፋለች። መማል ትታለች። የምትምልበትን ነገር ራሷም መጠርጠር ጀምራለች። ሰው የሠራውን ሁልጊዜ አልሠራህም ሲባል አንድ ቀን እጁን ማመን ያቆማል።

አራት ዓመት ሲሞላት እንድሪስ «ከእንግዲህ ጄሶ ብቻውን አይመልሰውም፤ ቀዶ ሕክምና ነው» አለ።

በቀጠሮው ጠዋት ትርሲትን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ገቡ። ባልና ሚስት መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይመኙሻል የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታለች።

«እያንዳንዱን ቀን አስቤዋለሁ» አለች። ለእሱ አልነበረም የምትናገረው፤ ለራሷ ነው። «ምን እንዳጎደልኩ አላውቅም። ግን አንድ ነገር አጉድያለሁ። ባላጎድል እዚህ አትገባም ነበር።»

ያን ጊዜ ተናገረ።

«አንቺ ምንም አላጎደልሽም። እኔ ነኝ የማወልቀው።»

ቀና ብላ አየችው። «ምኑን?»

«ጫማውን። አንቺ ስትወጪ አወልቀዋለሁ። ሳትመጪ እመልሰዋለሁ።»

«መቼ?»

«ሁልጊዜ።»

ሰዎች በፊታቸው አለፉ፣ በር ተከፈተ፣ በር ተዘጋ። ትጮኻለች ብሎ ነበር። ትመታኛለች ብሎም ነበር፤ በመታችኝ ብሎ ጸልዮ ነበር። አልመታችውም።

«ስምል አጠገቤ ቆመህ ነበር» አለች።

ጥያቄ አይደለም።

ከዚያ «ሂድና ንገረው» አለችው።

ሄደ። እንድሪስ ቆሞ ሰማው። ሲጨርስ ካርዱን አወጣና የጻፈውን ሰረዘው። ከዚያ ራሱ ወደ መተላለፊያው ወጥቶ ይመኙሻል ፊት ቆመ።

«የትርሲት እናት፣ አላመንኩሽም ነበር። ይቅርታ» አላት።

«ያልነገሩዎትን ከየት ያመጡታል፣ ዶክተር?» አለችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አራት ዓመት ሙሉ ያላለቀሰችውን፣ የሚያምናት ሰው ስታገኝ አለቀሰችው።

ዳነች ወይ? ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። እግሩ ተስተካከለ። መሬት ይረግጣል። ግን ደርቋል፤ እንደ ግራው አይታጠፍም። ትርሲት ትሄዳለች፣ ታነክሳለች። ትምህርት ቤት እኩዮቿ ሲሮጡ ጥቂት ሮጣ ትቆማለች። ከሰዓት በኋላ እግሯን ይደክማታል።

ባልና ሚስቱስ ታረቁ? በአንድ ቤት ይኖራሉ። ይመኙሻል ምሳውን ታቀርብለታለች፣ ሲታመም ታስታምመዋለች። ስድብ አንድ ቀን ከአፏ አልወጣም። ግን ከዚያ ወዲህ «አንተ ንገረው እስቲ» ብላ ወደ እሱ ዞራ አታውቅም። ይሄ ሰው ሁሉን ይቅር ብላኛለች ይላል። ያቺን አንዲት መዞር ግን መልሳ አልሰጠችውም። ይቅር የተባለ ነገር ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል ያላችሁ ማነው?

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር።

ትርሲት ዘጠኝ ዓመቷ ሲሆን፣ አንድ ቅዳሜ ቀን አያቷ እነሱ ቤት መጡ። ልጅቱ እግሯን እያሸች አያቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ይመኙሻል በር ላይ ልብስ ታጥባለች። አያትየው የልጅቱን እግር አዩና «አይ የኔ ልጅ» አሉ። «እናትሽ ዳቦ ቤት ዳቦ ቤት ስትል ነው እግርሽ እንዲህ የቀረው።»

ይመኙሻል ሰምታለች። ልብሱን ማጠቧን አላቆመችም። ሰውየው እጇን አየ፤ እጇ አልቆመም። ያን ጊዜ ነው የገባው። ይህ ቃል ለእሷ አዲስ አልነበረም። እሱ በሌለበት ስንት ጊዜ ሰምታዋለች? ለሚስቱ ተናግሯል፣ ለሐኪሙ ተናግሯል። ለእናቱ ግን አልተናገረም። ለልጁም አልተናገረም። ይመኙሻል አምስት ዓመት ሙሉ እውነቱን እያወቀች ጥፋቱን ተሸክማለች። ለምን አልተናገረችም? እኔ እንጃ። ልጅቱ ወደ አባቷ ስትሮጥ አይታ ይሆናል።

ሰውየው ተነሣ። እናቱ ፊት፣ ልጁ ፊት ቆመ።

«እማዬ፣ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ» አለ። ከመጀመሪያው ማታ ጀምሮ ነገራቸው። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ደፉ። ትርሲት ግን አየችው። ብዙ አየችው።

«አባዬ፣ ብዙ አለቅስ ነበር?» አለችው።

«አዎ።»

«ስታወልቅልኝ ዝም እል ነበር?»

«ወዲያው ነበር ዝም የምትይው።»

አሰበች። ከዚያ ይህን ጠየቀችው፤ ተቆጥታ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጋ ነው።

«እና ለምን እንዳለቅስ አልተውከኝም?»

ወገኖቼ፣ ያ ሰው ይህን ሲነግረኝ ውኃው ክፍት ነበር፤ እጁን ታጥቦ ከጨረሰ ቆይቷል፤ መዝጋቱን ግን ረስቶታል። «ምን ብለህ መለስክላት?» አልኩት። «ምንም አላልኳትም» አለኝ። «ለአንቺ ብዬ ነው እንዳልላት ለእሷ አልነበረም። ለእኔ ነበር።»

ሌላ ሰባኪ ቢሆን ይህን ታሪክ ይዞ፣ እግዚአብሔርም እንዲሁ እያስለቀሰ ያቀናናል ብሎ ያስተምራችሁ ነበር። እውነት ነው፤ ሌላ ቀን እንማረዋለን። እኔ ዛሬ ስለዚያ አይደለም የመጣሁት። እኔ ዛሬ የመጣሁት ስለዚያ ቤት ስለ ሁለቱ ሰዎች ነው። አንዷ ታስራለች፣ ትጠላለች። አንዱ ይፈታል፣ ይወደዳል። እናንተ የትኛው ናችሁ?

ልጁ ይህን ጫማ የሚያደርግ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ በመጀመሪያ ለእናንተ ልናገር፤ ዛሬ ማታ አታውልቁት። ያለቅሳል። አቅፉት፣ አዝሉት፣ አብራችሁት አልቅሱ። ቁስል ካያችሁ ሐኪሙ ጋ ውሰዱት፤ በራሳችሁ ግን አታውልቁት። ዛሬ ማታ የሚያለቅስባችሁ ልጅ ነገ በሁለት እግሩ የሚሮጠው እናንተ ስለቻላችሁት ነው።

ጫማ የሌለበት ቤት ያላችሁስ? ልጃችሁ ሲያጠፋ እናቱ ትቆጣለች፤ እናንተ ከኋላዋ ዐይናችሁን ጠቅሳችሁ ትፈቱታላችሁ። የሠፈሩን ሽማግሌ እውነት ተናግሮ ሰው ሲጠላው ታያላችሁ፤ ልክ ነው ብላችሁ ከማገዝ ይልቅ ከተቆጡት ጋር ሻይ ትጠጣላችሁ። ደግ ትባላላችሁ። ደግነታችሁን ግን ማን እየከፈለው ነው? በእናንተ ደግነት የሚጠላው ማነው?

ይህም ይሁን። ሰው ደካማ ነው፤ ሲያለቅሱበት እጁ ወደ ማሰሪያው ይሄዳል። እኔም ወልጃለሁ፤ አውቀዋለሁ። ይህ ሰው አንድ ማታ በመፍታቱ አይደለም ልቤ ያዘነበት። ሚስቱ ዞራ ስታየው ባደረገው ነው። «አንተ ንገረው እስቲ» ስትለው።

አሁን እያንዳንዳችሁን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ለእኔ አትስጡኝ። በቤታችሁ፣ በሥራ ቦታችሁ፣ በወንድሞቻችሁ መካከል፣ የእናንተን ጥፋት ተሸክሞ የሚሄድ ሰው አለ? ስሟ በክፉ ሲነሣ እናንተ በመስኮት ወደ ውጭ ያያችሁባት ሴት አለች? ግማሹን እውነት ሰጥታችሁ ግማሹን ኪሳችሁ ያስቀራችሁበት ቀን አለ? ማንም አያውቅም። አውቃለሁ። እሱም ማንም አያውቅም ብሎ ነበር። ልብሱን እያጠበች የነበረችው ግን ታውቅ ነበር።

ተናገሩ ስላችሁ ሁሉ ይመለሳል አልላችሁም። የልጅቱ እግር አልተመለሰም። የይመኙሻል ዓመታት አልተመለሱም። ተናግሮም የቀረበት ቀርቶበታል። ግን ያን ቅዳሜ አያትየው ሲሄዱ በሩ ላይ ቆመው፣ ዘጠኝ ዓመት ያልጠሯትን ሴት «ልጄ» ብለው ጠሯት። ይህቺ ብቻ ናት የተገኘችው። አንዲት ቃል። ስንት ዓመት ስትጠብቃት እንደነበር አስቡ።

ያ ሰው ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ዘገየ። እናንተ ከዚህ ተነሥታችሁ ብትሄዱ ምሳ ሳይቀርብ ትደርሳላችሁ።

እግዚአብሔር «እኔ ነኝ» የሚለውን ቃል ከአፋችሁ ያውጣው። አሁን ሂዱ፤ እየጠበቀቻችሁ ነው።